10 ኪው ያልን ልጆች

የ10ን ቁጥር ጽፎ ከጎኑ ኪው የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ እኩዮች ማስረዳት አያስፈልግም። «ቴንኪው» ተብሎ ይነበባል፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። የሒሳብ የቤት ሥራ ላስኮረጀን፣ የታክሲ ለከፈለልን፣ በልደታችን ቀን እንኳን ተወለዳችሁ ላለን፣ ሐዘን ሲገጥመን «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ለጻፈልን ሁሉ ይህችኑ ልከናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተወልደን በአዲስ አበባ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበና፣ ሾላና ኮተቤ ያደግን ልጆች በስልክ የጻፍነው የመጀመሪያ ምስጋና እሷ ነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ይህችን ምኅጻረ ቃል ቢያያት ቶሎ አትገባውም። እሱ ሲያመሰግን ምላሱን በጥርሶቹ መሀል ብቅ አድርጎ ነው፤ ያ ድምፅ በአማርኛ የለም። እኛ በ«ት» ተክተን ስለምንለው ነው 10 ቁጥር ከምስጋናው ጋር ልክክ ያለችው። አሜሪካ ውስጥማ 10 ኪው ሌላ ነገር ነች፤ የአክሲዮን ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ ለመንግሥት የሚያስገቡት የሒሳብ ሪፖርት መጠሪያ። እዚያ ሄደው በሒሳብ ሙያ የተቀጠሩ የሰፈራችን ልጆች ቀን በዚያኛዋ ሲሠሩ ይውሉና ማታ በዚህችኛዋ ያመሰግኑናል።

በትውልዳችን ላይ የሚቀርብ ክስ አለ። ቋንቋ አበላሻችሁ ይሉናል፤ ሙሉ ቃል መጻፍ ደከማችሁ፣ የፈረንጅ ጭራ ሆናችሁ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ሳትይዙ ቀራችሁ። ይህን ከመምህራን ሰምተነዋል፣ በሬዲዮ ሰምተነዋል፣ አሁን ደግሞ ከእኛ ጥቂት ዓመት ከሚበልጡ አለቆቻችን በየመሥሪያ ቤቱ እንሰማዋለን። ስሰማው ሁልጊዜ ይከነክነኛል። እንዴት መጻፍ እንደጀመርን፣ በምን ጀመርን፣ ማን አስተማረን የሚለውን ሳያዩ የሚሰጥ ፍርድ ስለሆነ ነው።

ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቁጥሩ በ0911 የሚጀምር ሰው ቀድመው ከያዙት እንደሆነ ይታወቃል። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ በታላቅ ወንድም ወይም በአጎት በኩል ዞሮ ነው፤ ብዙ ጊዜም ኖኪያ 1100 ሆኖ፤ ያቺ አናቷ ላይ ባትሪ ያላት። መብራት ሲጠፋ ለቤቱ ሁሉ ታበራ ነበር፤ ሻማ እስኪፈለግ ድረስ እሷን ወደ ጣራ አዙሮ ማቆም የልጅ ሥራ ነበር።

በዚያች ስልክ መጻፍ ምን እንደሚመስል ለዛሬ ልጆች ልንገራቸው። ሦስት አራት ፊደል በአንድ ቁልፍ ላይ ተደራርቦ ነው ያለው። «ሰላም» ለማለት ኤስን ለማግኘት 7 ቁጥርን 4 ጊዜ፣ ኢን ለማግኘት 3 ቁጥርን 2 ጊዜ፣ ለኤል 5 ቁጥርን 3 ጊዜ፣ ከዚያ ኤ እና ኤምን አንድ አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ በድምሩ 11። አናባቢዎቹን ጥሎ ኤስ ኤል ኤም ያለ ግን በ8 ይገላገላል። ሙሉውን የእንግሊዝኛ ምስጋና መጻፍ ከነክፍት ቦታው 17 ጊዜ መጫን ነው። ለ10 ኪው 1ንና 0ን ጫን አድርጎ መያዝ፣ 7ን 2 ጊዜ መንካት፤ አለቀ። በአንድ እጅ ሚኒባስ ውስጥ ብረቱን ይዞ ቆሞ፣ በሌላው አውራ ጣት ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። መገናኛ ሳይደረስ መልሱ መሄድ አለበት።

በዓለም የመጀመሪያው የጽሑፍ መልእክት በዲሴምበር ወር 1992 እ.ኤ.አ. ሲላክ ምንም ያጠረ ነገር አልነበረበትም። ኒል ፓፕዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የላከው የገና ምኞት ነበር፤ ሁለቱንም ቃል በሙሉ ነው የጻፈው። ምክንያቱ የጨዋ ልጅ ስለሆነ አይደለም። የጻፈው በኮምፒዩተር ላይ፣ በሙሉ የፊደል ገበታ ነው። ማሳጠርን ያመጣው ያ የተደራረበ ቁልፍ ነው። የለንደኑም የናይሮቢውም ልጅ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ያደረገው እኛ ያደረግነውን ነው።

እኛ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረብን፤ ፊደላችን በስልኩ ውስጥ አልነበረም። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ይይዛል፤ ግዕዙ ቢኖር ኖሮ ደግሞ 70 ላይ ይቆም ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በማሽኑ ዘንድ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ። ስለዚህ እናት ቋንቋችንን በሰው ፊደል ለመጻፍ ተገደድን፤ ያንንም በጠባብ ቦታ፣ በ25 ብር ካርድ። ካርዱ በሳንቲም ይፋቃል፣ ቁጥሩ ይሞላል፤ ሒሳቡ ለሳምንት እንዲበቃ ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ሐሳብ ለሁለት መልእክት ከተከፈለ ሁለት ሒሳብ ነው። ቆጥበን መጻፍን ያስተማረን ይህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጭራሹን የተዘጋበት ጊዜ መጣ። በሰኔ 1997፣ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግርግር፣ የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። እስከ አዲሱ ሚሊኒየም መባቻ ድረስ አልተመለሰም፤ ከ2 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሌላው ዓለም መልእክት በሚለዋወጥበት ዕድሜ እኛ በሚስኮል ነበር የምንግባባው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፤ ሁለቴ ከሆነ «ውጪ፣ በር ላይ ነኝ»፤ ሦስቴ ከሆነ አንድ ነገር አለ፣ እንደምንም ደውዪ። ፊደል እንኳ የሌለበት ምኅጻረ ቃል ነበር። በ2000 መግቢያ ላይ መልእክቱ ሲለቀቅ 12ኛ ክፍል ልንገባ ነበር። የዚያን ዓመት የእንቁጣጣሽ ሰሞን ጣታችን ያላረፈው ለዚህ ነው፤ 2 ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበረን።

እስከዚያ ድረስ ደግሞ ማሳጠሩን በሌላ ቦታ ተምረነው ጨርሰናል፤ ክፍል ውስጥ።

እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። በ1997 ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በትልቅ ቴሌቪዥን መጣ። መምህራችን መግቢያውን ጥቂት ደቂቃ ይናገሩና ወደ ጎን ይቆማሉ፤ ከዚያ በስክሪኑ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። አይቆምም፣ አይጠይቅም፣ «ጽፋችሁ ጨረሳችሁ?» አይልም። ሁለት ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ፣ ሥሩ ይልና ሰዓቱን እያስቆጠረ ይጠብቃል፤ ደቂቃው ሲያልቅ መልሱን ሰጥቶ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት አለፈ፣ አይደገምም። በዚያ ፍጥነት ኖት መያዝ የሚቻለው ቃላቱን ገርድፎ ብቻ ነበር። «ቢትዊን»ን ቢ፣ ሕዝባር፣ ኤን አደረግነው። «ዊች»ን ደብልዩ፣ ሕዝባር፣ ሲ። «ቢኮዝ»ን ቢ፣ ሕዝባር፣ ሲ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎችም በጥቁር ሰሌዳው ዘመን ይጽፏቸው ነበር፤ መምህራኑ ራሳቸው በጠመኔ እንዲያ ይጽፉ ነበርና። ፕላዝማው ግን ልማዱን ግዴታ አደረገው። ፈጥኖ የጻፈ ያልፋል፣ ዘግይቶ የጻፈ ግማሽ ገጽ ባዶ ይቀርበታል፤ ያንን ባዶ ገጽ ከጓደኛ ደብተር ላይ ለመሙላት ምሳ ሰዓቱ ይሄዳል።

ውጭ አገር ለትምህርት የሄዱ ጓደኞቻችን ያን የ«ቢትዊን» አጻጻፍ ፈተና ላይ ሲጠቀሙ አስተማሪዎቻቸው ግራ እየተጋቡ ጠይቀዋቸዋል። አስተማሪዎቹ ቢያውቁ፣ ሕጉ የእንግሊዝኛ አይደለም። «ወይዘሮ»ን ስንጽፍ የፊተኛውንና የኋለኛውን ፊደል ወስደን መሀላቸው ሕዝባር እናስገባለን፤ ወ/ሮ። «ዶክተር»ንም እንዲሁ፤ ዶ/ር። ቢ፣ ሕዝባር፣ ኤን የተሠራችው በዚሁ ነው፤ ፊተኛውና ኋለኛው። የአባቶቻችን መታወቂያ ላይ ገ/ሥላሴ፣ ወ/ጊዮርጊስ፣ ኃ/ማርያም ተብሎ ነበር ስማቸው የተጻፈው። ት/ቤታችን፣ ፍ/ቤቱ፣ ቤ/ክርስቲያኑ፣ የካ ክ/ከተማ፣ ሁሉም በሕዝባር የተቆረጡ ነበሩ። ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ ዓይናችን የለመደውን ሕግ ወደ ሰው ቋንቋ ይዘን ሄድን። ይህን ሳስብ ለትውልዴ ኩራት ይሰማኛል፤ ከሰው የወሰድነው ፊደሉን ነው፣ አቆራረጡ የቤታችን ነው።

ከዚያም ጠልቆ የሚሄድ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ገልጦ ያየ ሰው ከእያንዳንዱ መሥመር በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የተደረደሩ ፊደላት ያገኛል። ምልክት ይባላሉ። የያሬድ ዜማ በምልክት የተደራጀው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። አንዷ ወይም ሁለቷ ፊደል ከአንድ የታወቀ የዜማ ቃል የተቆረጠች ናት፤ መርጌታው ሲያያት ያ ቃል ከነዜማው ትዝ ይለዋል፣ ያንኑ ዜማ እዚህ ቃል ላይ ያወርደዋል። ለማያውቅ ሰው ምንም አትናገርም። እንጦጦ ሥር ያደግን ልጆች ሌሊት ከላይ ከተራራው ማሕሌት ሲወርድ እየሰማን ነው እንቅልፍ የወሰደን። ያ ሁሉ ሌሊት የሚያድር ዜማ በእነዚያ ደቃቅ ፊደላት ተይዞ እንደኖረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አሳጥሮ የሚጽፍ ሰው የሚጽፍለት ሰው እንደሚያውቅለት ያምናል። ለማያምኑት ሰው አያሳጥሩም፤ ለዳኛ፣ ለባንክ፣ ለማይታወቅ አለቃ ሙሉውን ነው የሚጽፉት።

ወላጆቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ምኅጻረ ቃል ነበራቸው፤ የአብዮቱ ዘመን የፓርቲና የማኅበር ስሞች። ኢሕአፓ፣ መኢሶን፣ አኢወማ፣ አኢሴማ፣ ኢሠፓ። የአማርኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ላይ ስለተሸከመ፣ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ሲደረደሩ ወዲያው አፍ የሚሞላ ቃል ይወጣቸዋል፤ ለመፈክር ይመቻል፣ በግድግዳ ላይ በሌሊት ለመጻፍም ይመቻል። በ1969 እና በ1970 በዚህች ከተማ ከእነዚህ አጭር ቃላት አንዱን ማለት ወይም አለማለት ሰው አስገድሏል። በብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ፎቶው የተሰቀለ፣ ታሪኩ ግን የማይነሣ አጎት ወይም አክስት ነበረ። ስንጠይቅ «የያኔ ነገር ነው፣ ተዪው» ይባላል። ፊደላቱ ሲጠሩ የእናቶቻችን ድምፅ ዝቅ ሲል እየሰማን አድገናል። ስለዚህ የወላጆቻችን ትውልድ በምኅጻረ ቃላችን ቀላልነት ሲያዝንብን፣ የሚያዝኑበት ምክንያት ይገባኛል። እነሱ በአራት ፊደል አገር ሊለውጡ ተነሥተው ነበር። እኛ በሦስት ፊደል «ሰላም» አልን፣ «ናፈቅሽኝ» አልን፣ «ደህና እደሪ» አልን። ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ የተወለደ ልጅ ፊደሉን ለሰላምታ ቢያውለው ምን ያስወቅሰዋል? እኔ በእውነት መልካም አድርገናል እላለሁ።

ስለ አናባቢው ካነሣሁ አይቀር፣ እኛ ባናውቀውም በጣም ወደ ኋላ ሄደን ነበር። የግዕዝ ጽሕፈት በመጀመሪያ አናባቢ አልነበረውም። በአክሱም የሚገኙት ቀደምት የግዕዝ ጽሑፎች ተነባቢዎችን ብቻ የደረደሩ ናቸው፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው ፊደሉ እግርና እጅ አውጥቶ ካዕብ ሣልስ ማለት የጀመረው። ያለ አናባቢ እንዴት ይነበብ ነበር? በሴማዊ ቋንቋ የቃሉ አጥንት ተነባቢው ስለሆነ ነው። ሰ፣ ለ፣ መ ያለ ሰው ሰላም ማለቱ እንደሆነ አንባቢው ከዐውዱ ያውቃል። ኤስ ኤል ኤም ብለን የጻፍን ቀን ቋንቋችን በራሱ አጥንት ቆመ። በእንግሊዝኛ ያሉት ልጆች ያለ አናባቢ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ፤ አማርኛ ግን ይችለዋል። ይህን የቋንቋ መምህራን ሊነግሩን ሲገባ ተቆጡን።

የማይችለውም ነገር ነበረ። ላቲኑ «ጥ»ን ከ«ት»፣ «ጭ»ን ከ«ች» አይለይም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት የክፍላችን ልጅ ማታ በር ላይ ለቆመ ጓደኛዋ «አባቴ መጣ» ብላ ጻፈች። እሱ ያነበበው «አባቴ መታ» ብሎ ነው። አባትየው ይህን አያደርጉም የሚባሉ ሰው አልነበሩምና ልጁ ደንግጦ ታላቅ እህቱን ይዞ ግቢውን አንኳኳ። እህቱ «እንደምን አመሻችሁ ጋሼ፣ ደብተር ልንወስድ ነው» ብላ ነገሩን አለዘበችው፤ አባትየውም «ግቡ፣ ቡና እየተፈላ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ይህች ልጅ «መጣ» ለማለት ቲን ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀመረች፤ ከእሷ እኛ ተማርን፣ ከእኛ የሌላ ክፍል ልጆች። በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ብዙ ደንቦች በልጆች እጅ ተሠርተዋል። «ቅ»ን ለመለየት ኪው ተቀጠረች፤ ያቺው በ10 ጎን የምትቆመው ፊደል። ማንም አካዳሚ ያልሰበሰበን፣ ማንም ያልከፈለን ልጆች አማርኛን በ26 ፊደል እንዲጻፍ አድርገን ሠራነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰውም ተግባባበት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያመኝ አንድ ነገር ነው።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ሲጀመር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ማታ ማታ ቀበሌው አዳራሽ እየሄደች ፊደል ቆጠረች፣ ምስክር ወረቀቱንም ያዘች። ዘመቻው በኋላ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሽልማት የሰጠው ነው። የእናቴ ምስክር ወረቀት ከሠርግ ፎቶዋ ጎን በፍሬም ተሰቅሎ አድገናል። ጋዜጣ ከሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ላይ እንኳ አስተካክላ ታነብ ነበር፣ ከውዳሴ ማርያም እስከ መብራት ኃይል ደረሰኝ። ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ጎንደር የገባሁ ማታ «እማዬ ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብዬ ጻፍሁላት። በላቲን ፊደል ነው፤ ሌላ አማራጭ በስልኬ አልነበረም። በማግሥቱ ደወለች።

«ልጄ፣ የላክሽው ደርሶኛል» አለች። «ዓይኔ አልለይልሽ አለኝ እንጂ። ለጎረቤት ልጅ አሳይቼው ደርሳለች፣ ደህና ናት አለኝ። ደህና ነሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ፊደሉ ነው ልጄ። ፊደሉን አላውቀውም።»

እኔ እዚያ ዶርም ኮሪደር ላይ ቆሜ የምለው ጠፋኝ። ለ30 ዓመት አንባቢ ሆና የኖረች ሴት በሴት ልጇ እጅ እንደገና ፊደል የማታውቅ ሆነች። እሷ ብቻ አይደለችም። በዚያ ዘመቻ ፊደል የለዩ ስንት እናቶችና አባቶች ናቸው በልጆቻቸው ስልክ ፊት ለጎረቤት ልጅ እጃቸውን የዘረጉ? የፍቅር ሚስጥር ሲሆን የላቲኑ ግድግዳ ለእኛ ለልጆቹ ይመቸን ነበር፣ አልክድም፤ ለእናት ሲሆን ግን ግድግዳ ነው። ክስ መቅረብ ያለበት በዚህ ነው። የሚቀርበውም ፊደል በሌለው ስልክ አገር ሙሉ ሰው እንዲጽፍ በተተወበት አሠራር ላይ ነው። ግዕዝ በዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሞባይል አዲስ አበባ በጀመረበት በዚያው የፈረንጅ ዓመት። ሁለቱ በእኛ ኪስ ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ነው እኛ ልጅነታችንን ጽፈን የጨረስነው።

አሁን ስማርት ስልኩ ከነፊደሉ መጥቷል። እናቴ 60ዎቹን አልፋ መነጽር አድርጋ በአንድ ጣት ትጽፍልኛለች። መልእክቷ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚጀምረው፤ «ደህና ነኝ እግ/ር ይመስገን።» እግዚአብሔርን በሕዝባር ነው የምትጽፈው፤ ቀበሌው አዳራሽ ያስተማሯት እንደዚያ ስለነበር። ቸኩላ ወይም ደክሟት አይደለም። እሷም እንደኔ የምታሳጥረው ለምታውቃት ሰው ነው።

ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲገባ አብረን እንሄዳለን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ቀን ሾላና መገናኛ መሀል ሰው እንደ ጎርፍ ይሞላና ኔትወርኩ ይጨናነቅ ነበር፤ ጥሪ አይወጣም። ከጓደኛ የተለየ ሰው «የት ነሽ» የሚለውን በአምስት ፊደል ቆርጦ ይልክ ነበር። መልሱ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲበተን ነበር ተከማችቶ የሚደርሰው፤ «ዛፉ ጋ ነኝ»፣ «አሁን ወጣሁ»፣ «የት ጠፋሽ»፣ አንድ ዓመት ደግሞ በመጨረሻ ከማላውቀው ቁጥር «10 ኪው»። ላኪው ለምን እንዳመሰገነኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የተገፋ ሰው ደግፌ፣ ውኃ አቀብዬ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሬንስ ከየት አገኘው? መልእክቱን ግን አላጠፋሁትም።

ያኔ ማጥፋት ግዴታ ነበር። የኖኪያዋ ማኅደር ጥቂት መልእክት ይዞ ይሞላል፤ «ሜሞሪ ፉል» ካለ አንዱን ሳያጠፉ አዲሱ አይገባም። ስለዚህ ምን ይቅር፣ ምን ይሂድ ብሎ መምረጥ ነበረብን። ብዙ ሴት ልጆች ከማጥፋታቸው በፊት መልእክቶቻቸውን ደብተር ላይ ይገለብጡ ነበር፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነአጻጻፉ፣ አንድም አናባቢ ሳይጨምሩ። ፊዚክሱ በፊት ገጽ፣ መልእክቱ ከኋላ ተገልብጦ። እኔም አንድ አለኝ። ገጾቹ ላይ ቲ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት «መጣ» አለ፣ ኪው ለ«ቅ» የቆመበት አለ፣ ፈተና ሳምንት «አይዞሽ» ለማለት የተፈለሰፉ አራት ዓይነት አቆራረጦች አሉ።

ስለ አማርኛ የሚጽፉ ሊቃውንት የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ደብዳቤ በጥንቃቄ ያጠናሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። ከ2000 እስከ 2005 አካባቢ የአንድ ትውልድ ሙሉ ደብዳቤ የተጻፈበት አማርኛ ግን በየጓዳው በተሰባበሩ ስልኮችና በእንደነዚህ ደብተሮች ጀርባ ነው ያለው። ኮተቤ፣ ካራ፣ ጉራራ፣ ቀበና ያላችሁ እኩዮቼ፣ ቤት ስታድሱ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ ስትለቁ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ደብተሮቻችሁን ለቆራሌው አትስጧቸው። የሚገጥማትን ቻርጀር ካገኛችሁ አሮጌዋን ስልክ አብሯት፤ የምትነሣ ከሆነ ያለውን በወረቀት ገልብጡት፣ ዓመቱንና ሰፈሩን ጻፉበት። የግል የሆነውን ለራሳችሁ አስቀሩ። የቀረውን ለዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ክፍሎች ለመስጠት እኔ የራሴን ፎቶ እያነሣሁ ጀምሬያለሁ፤ የፊዚክሱን ገጽ ጭምር፣ የፕላዝማው ሰውዬ የት ላይ እንደጣለን እዚያው ስለሚታይ።